አውራ ጣትህን አትጠቅልልባት

ያን ጠዋት የጓሮውን ግድግዳ በእበት እየለቀለቅኩ ነበር። ወንድምዓለሜ ደጅ ላይ ሁለቱን መኪኖች ያጥባል።

አዲሷን ልጁ ዓረብ አገር ሠርቶ ነው የገዛለት። ቁልፉን ላዞረ ሁሉ ትነሳለች፣ ድምፅዋም አይሰማም። አሮጌዋ ላንድሮቨር ግን ከፊቷ ማኖቬላ የሚሉት ብረት ተሰክቶ በጉልበት ካልተዘወረ አትነሳም። ስትነሳም ብረቱን ወደኋላ ትመልሰዋለች። ስለዚህ ወንድሜ ብረቱን ለጨበጠ ሁሉ፣ ለሹፌሩም ለሕፃኑም፣ «አውራ ጣትህን አትጠቅልልባት፣ ትሰብርሃለች» ይል ነበር።

ታጣቂዎች መጡና አዲሷን ባንድ አፍታ አስነስተው ወሰዷት። የቀሩት ሁለቱ አሮጌዋን ፈለጉ። እኔ ከቤቱ ጥግ ቆሜ አያለሁ። አንዱ ጎረምሳ ማኖቬላውን ቀማው።

«ልጄ፣ አውራ ጣትህን አትጠቅልልባት» አለው ወንድሜ።

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ። ብረት መያዝ ልታስተምረኝ ነው?»

ዘወረው። ብረቱ ተመልሶ ሲመታው የእጁ አጥንት ቋ ሲል ሰማሁት። ጓደኛው «ሆን ብለህ ነው ያሰበርከው» ብሎ ያንኑ ብረት አነሳና የወንድሜን ራስ ደጋግሞ መታው። በእበት እጄ ሮጬ ራሱን ስደግፈው ደሙ በጣቶቼ መሃል ወረደ። እዚያው አለፈ።

ሳያስነሷት ጥለዋት የሄዱት አሮጌዋ እስካሁን ደጅ ቆማለች። ልጆች ብረቷን ሲነካኩ የሚቆጣቸው የለም፤ ጆሮዬ ግን ድምፁን ይጠብቃል።

ጎረቤቴ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ «አብሽሪ እቴ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ቆይታ ደግሞ፣ «ወላሂ፣ እኔ ብሆን ይስበረው ብዬ ዝም ነበር የምለው» አለችኝ።