የአግዳሚው ጫፍ

ክሪስታል በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ውስጥ ሳር ላይ ኳስ የሚያንከባልል ክለብ አለ። ከባዱን ኳስ አንከባልሎ ትንሿ ነጭ ኳስ አጠገብ ያደረሰ ያሸንፋል፤ በቃ። ዘንድሮ ሰው ጎደለን ብለው አስገቡኝና ሰመሩን፣ ሞቃቱን ወራት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስወዳደር ከረምኩ።

ተራዬ እስኪደርስ አንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ገና አረፍ ከማለቴ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ይመጣሉ። እኔም እንዳሳደጉኝ “ኖር” ብዬ ብድግ እላለሁ። እሳቸው ቁጭ ይላሉ። አንድም ቀን ቴንክ ዩ አላሉኝም። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሁሌ የእኔን መፈለጋቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ብሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ውድድር ቀን የቡድናችን አለቃ ሊንዳ እጄን ያዘች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

“ባሌ ሁሌ እዚያ ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ” አለችኝ። “ማን እንደነገረህ አላውቅም። ግን ሰመሩን ሙሉ ተነስተህ ቦታውን ባዶ አድርገህ ስትለቅለት አይቻለሁ።”

ማንም አልነገረኝም። ቀስ ብዬ ወደ አግዳሚው ዞርኩ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀውልኛል፤ ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ይጠሩኛል።