ያልጨበጠ እጅ ያገባት ጎል

ካውያ የሚሉት ሰው ሥራው መተኮስ ነው። ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፣ ሸሚዝ ነው። ላውንደሪ ቤት መቆም ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የስንቱን ኮሌታ ሲያቃና የራሱ ኮሌታ አንድ ቀን ተቃንቶ አያውቅም። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቀጥ ብሎ ጎማ ጠጋኙ ግቢ ይገባል። እዚያ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የጆተኒ ጠረጴዛ አለ። እዚያም ይተኩሳል። ሚስቱ «ቀን ሸሚዝ፣ አመሻሽ ጎል፤ አንተ ሰውዬ ተኩስ አቁም የምትፈርመው መቼ ነው?» ትለዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት የላውንደሪው መጭመቂያ ማሽን ቀኝ እጁ ላይ ተከደነበት። እጁስ ተረፈ፣ ጣቶቹ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ፤ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም። ካውያውን በግራ መግፋት በሁለት ወር ለመደ። ጆተኒው ነው እምቢ ያለው። የአጥቂዎቹ ዘንግ በቀኝ ነው፣ ዘንጉ መያዣ አለው፣ መያዣ ደግሞ ጣት ይፈልጋል። ጓደኞቹ አዝነው «በቃ አንተ ዳኛ ሁንልን» አሉት። ለተጫዋች ዳኛ ሁን ማለት በቁምህ ሙት ማለት ነው፤ ካውያ ነደደው።

አንድ ቀን ማንም በሌለበት እንደተናደደ የእጁን አንጓ መያዣው ላይ ጣል አደረገ። የመሃሉ አጥቂ በእግሩ ኳሷን ከላይ ተጭኗት ነበር። ዘንጉን ወደ ጎን ሸርተት አድርጎ አንጓውን ወደ ላይ ሲስበው መያዣው አንጓው ላይ ተንከባለለ፣ የእንጨቱ ሰውዬ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ አንድ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኳሷን ከጀርባዋ አገኛት። ጧ። ካውያ ራሱ ደነገጠ፣ ዘወር ብሎም ያየው ሰው እንዳለ ፈለገ። ማንም አልነበረም፤ ምቷን ለዘጠኝ ሳምንት ብቻውን ተለማመዳት፣ ስሟንም ጥቅልል አላት።

የጥቅልልን ጥቅም ልንገራችሁ። ጎል የሚጠብቅ ሰው ኳሷን የሚያይ ይመስላችኋል? የአጥቂውን ጣት ነው የሚያየው። ጣቱ ጠበቅ ሲል ምቱ መጣ ማለት ነው። ታዲያ ካውያ ጋ ምን ጣት አለና! ሌላው እንደ ወፍጮ ሲያጓራ እሱ ክንዱን አስተኝቶ ያንቀላፋ ይመስላል፤ ጎል ጠባቂው የሚነቃው ኳሷ ገብታ ካደረች በኋላ ነው።

ጥቅልል ያልገባችበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚስቱ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ። በዚያ ጠረጴዛ ተሸንፎ አያውቅም፣ ይህንንም መላጭ አንገቱ ላይ ላለ ደንበኛ ሁሉ ይተርካል፤ ማን ይከራከረዋል? ይሄ ሰውዬ ከአደጋው ወዲህ የካውያን እጅ ጨብጦ አያውቅም። በቤተሰብ ግብዣ ከሰው ሁሉ ተጨባብጦ ካውያ ጋ ሲደርስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ያልፋል። ካውያ ልቡ ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኙ። አራት ለአራት፣ የቀረችው አንድ ኳስ። ካውያ አስተኛ፣ ሸርተት፣ ጧ። ፀጉር አስተካካዩ ኳሷን ከማውጣት ይልቅ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። እዚያ ጎማ ጠጋኙ ድሮ በቀለም የጻፉት አለ፦ «ማሽከርከር ክልክል ነው። መያዣ ሁልጊዜ ይጨበጥ።» የተለቀቀ መያዣ አንድ ሾፌርን ከሆዱ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ብሎ ካገኘው ወዲህ የወጣ ሕግ ነው።

«ይጨበጥ ይላል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አማቼን እወደዋለሁ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።»

ጎማ ጠጋኙ ሽማግሌ ናቸው፤ ጽሑፋቸውን እንደ አዲስ አነበቡት። «የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ምን ላድርግ? ካልተጨበጠማ አይቆጠርም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ግድግዳማ ጭራሽ። ይህች ጎል ከተሰረዘች ጥቅልል ለዘላለም ቀረች፣ ካውያም ወደ ዳኝነቱ። መያዣውን ትቶ ጠረጴዛውን ዞረና ቀኝ እጁን አማቹ ፊት ዘረጋ።

«እሺ፣ ልጨብጥ። እንዴት እንደሚጨበጥ ግን መጀመሪያ አንተ አሳየኝ። ሦስት ዓመት ስጠብቅህ ነበር።»

የእጁ ጠባሳ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ያብለጨልጫል። ፀጉር አስተካካዩ አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ያምሃል ብዬ ነው እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሚያመኝ ትከሻዬ ነው፤ መታ መታ ስታደርግ አሳበጥከው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሊስቅ ብሎ አልሆነለትም። እጁን ሰደደ። የታጠፉት ጣቶች መዳፉ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ፤ አይጠብቁም፣ አይለቁም። የራሱን ጣቶች ቀስ ብሎ ከላያቸው ከደነ፣ እንደያዘም ቆየ።

«ሰዎች፣ ጎማ የሚያስጠግን ደንበኛ ይጠብቀኛል» አሉ ጎማ ጠጋኙ። «ጎሏ ትቆጠር ወይስ ትቅር?»

ፀጉር አስተካካዩ እጁን ሳይለቅ ዞር አለ።

«ጨብጧል» አላቸው። «ትቆጠርለት።»