የእናቴ ብርድ

ዛሬ ጎንደር ሐኪም ቤት ዶክተሩ እናቴን «ሲወልዱ ብዙ ደም ፈሶዎት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ይችን ስወልድ። ከጡቴም ወተት ጠብ አላለም፤ በጎረቤት ጡት ነው ያደገች።»

እናቴን ሁሌም ይበርዳታል፣ ይደክማታል። ቤታችን ግን ብርዳሙ ደጋ ኮሶዬ ነው። እዚያ «በረደኝ» ማለት ከሰላምታ አይለይም፤ ማን በሽታ ነው ብሎ ይጠርጥር?

ለካ ያኔ በፈሰሳት ደም ምክንያት ከአንጎሏ ሥር ያለችው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ተጎድታ ኖሯል። ከእንግዲህ ሆርሞኑን የሚተካላትን ኪኒን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች።

ስንወጣ ማልቀሴን ልደብቃት ፊቴን አዙሬ ስንቀጠቀጥ፣ «ምነው፣ በረደሽ?» ብላ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችልኝ።

የእናታችሁን ሕመም እንደ ጠባይዋ ቆጥራችሁ የኖራችሁ አላችሁ?