በግራ የታሰረ ቀበቶ

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቋጠሮው ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ፣ ከትምህርት ቤት በሩጫ ከመጣችው እስከ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ቀበቷቸውን በግራ ጎናቸው አስረዋል። ቀበቶ ይባል እንጂ የሆቴል ጋዋን መቀነት ነው፤ ነጩ ልብሳቸውም ካረጀ አንሶላ የተሰፋ። የሰፉት እትዬ ካውያ ናቸው።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው፣ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ሲተኩሱ ኖረዋል። አንድ ቀን የፈረቃው አለቃ ከማድረቂያው ጀርባ አንጓቸውን ጨምድዶ ሲይዛቸው፣ ከጠረጴዛው ማዶ የምትተኩሰው የአገሩ ሴትዮ ካውያዋን አስቀምጣ መጣች። የሰውየውን አውራ ጣት ብቻ ያዘች። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እትዬ ካውያ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንድ አውራ ጣት!

ከዚያ ወዲያ በየእረፍቱ ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ማዶ፣ እሳቸው ከወዲህ ቆመው ተማሩ። ቋንቋ አይግባቡም። የምታሳየውን ማየት፣ እንዳዩት ማድረግ፤ በቃ።

አገራቸው ሲመለሱ ጎረቤቱ «ባዶ እጇን መጣች» ብሎ አማቸው። እጃቸውን ማን ፈተሸ! መጀመሪያ የእህታቸውን ልጅ አስተማሩ፤ እሷ ጓደኞቿን፤ ጓደኞቿ እናቶቻቸውን። የትግል ጥበቡ ስም ረጅምና ምላስ የሚያስር ስለሆነ ሴቶቹ «ማስለቀቂያ» አሉት። ዛሬ በሌሎች ከተሞችም ማስለቀቂያ ነው የሚባለው፤ እዚያም ቀበቶው በግራ ይታሰራል።

ከስፖርት ቢሮ የተላከው አሰልጣኝ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥበቡ በተወለደበት አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። አዳራሹን የሰጣቸው ቢሮው ነውና ሁሉም ተሰልፎ ጠበቀ። ጫማውን አውልቆ ልምምዳቸውን ጥቂት ተመለከተና ሳቁ አመለጠው።

«እናት፣ ሁሉም ነገር እኮ የተገለበጠ ነው! ያስተማረችዎት ሴት ፊት ለፊትዎ ቆማ ነበር?»

«ጠረጴዛው በመሐላችን ነበር።»

«እንደ መስታወት ነዋ የቀዱት! ቀኟን በግራዎ፣ ግራዋን በቀኝዎ።»

እትዬ ካውያ እጆቻቸውን እያገላበጡ አዩ። ይህን ሁሉ ዘመን አስበውት አያውቁም። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ያቺ ሴትዮ ስንቴ ስቃብኝ ይሆን!»

አሰልጣኙ ግን ሳቁን ውጦ ነበር። «ቢሮው ስህተት አያስፋፋም። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በቀኝ፣ ሀ ብሎ፣ እኔ እያስተማርኩ። አለዚያ የአዳራሹን ቁልፍ እወስዳለሁ።»

«እስቲ ያዙኝ» አሉት።

ያዛቸው። ለቀቃቸው፤ ወዶ አልነበረም። አውራ ጣቱን እያሸ፣ «ይሠራል፣ አልካድኩም» አለ። «ግን ስህተት ነው።»

የእህታቸው ልጅ ከረድፉ ወጣች። «አንድ ምሽት ደረጃ ላይ አድፍጦ የያዘኝ ሰውዬ በየትኛው እጅ እንደማመልጥ አልጠየቀኝም፣ ጋሼ።»

«ጥፋቱ የራሱ ነው! ደንቡን አንብቦ መምጣት ነበረበት» አለች አዋላጇ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ ካውያ አልሳቁም። የእንጨቱን ወለል አዩት። ከተማው ውስጥ ሲወድቁበት የማያደቅ ወለል ያለው እዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ከአንገታቸው ላይ ቁልፉን ከነክሩ አወለቁ።

«ቀኙን ያስተምሩ፤ ደግ ነው። እኔም መጥቼ እማራለሁ። እነዚህ ያወቁትን ግን ‹እርሱት› ብዬ አላዝዝም። ካዘዝኩ፣ ሰው ሲይዛቸው ቆመው ማሰብ ይጀምራሉ፤ ሲያስቡ ተያዙ ማለት ነው።»

«የት ልትሠሩ ነው ታዲያ?»

«የምሠራበት ላውንደሪ ጓሮ አለው፤ አንሶላ የምናሰጣበት።»

«ሲሚንቶ ላይ?»

«እንጠነቀቃለና! ምንጣፉ እንደሆን የእኛ ነው። እናንተ፣ ጠቅልሉ!»

ጠቀለሉ። አሰልጣኙ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቀረ። «እናት! ቢያንስ ቀበቶውን በቀኝ እሰሩት!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ካውያ ምንጣፉን እንደተሸከሙ ዞር አላሉም። በነፃ እጃቸው በግራ ጎናቸው ያለውን ቋጠሮ ሳብ አድርገው አጠበቁና መንገዱን ተሻገሩ።