የኦቦ ገለታ የአመድ ሳጥን

በምዕራብ ሸዋ መንገድ በሞተር ስትመላለሱ የኖራችሁ ሁሉ፣ የሞተር መቀመጫ እየሰፉ ወገባችሁን ያተረፉላችሁ ኦቦ ገለታ ሐሙስ ጠዋት አምቦ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ቅዳሜ በተወለዱበት በጉደር ቀበርናቸው። በዕድሜ ነው የሞቱት ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ እውነቱን አልነገራችሁም። እውነቱን እኔ ልንገራችሁ።

ያወቅኳቸው የሥራ መልቀቂያ ጽፌ በኪሴ በያዝኩበት ሳምንት ነው። ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኜ ከአምቦ ባኮ የምመላለስ የጤና ባለሙያ ነኝ። ጉደርን ሳልፍ መቀመጫዬ ይደነዝዛል፤ ባኮ ስደርስ ደግፎ የሚያወርደኝ ሰው እፈልግ ነበር። ገበያ ዳር ወዳለችው የቆርቆሮ ሱቃቸው ገብቼ፣ «ኦቦ፣ ወገቤ አለቀ፤ ወፍራም ስፖንጅ ይጨምሩልኝ፤ እንደ ፍራሽ ይለስልስ» አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። የተነፋ አመድ የሞላበት ዝርግ ሳጥን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝና «ታኢ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

«አመድ ላይ?»

«አመድ አይዋሽም። አንተ ወገቤን ትላለህ፤ እኔ አጥንትህን ነው የማየው።»

በአዲስ ሱሪዬ ተቀመጥኩ። ስነሳ ሁለት ጉድጓድ ቀርቷል፤ የግራው ጠለቅ ይላል። በጣታቸው ለክተው ስፖንጁን ልክ በእነዚያ ሁለት ቦታዎች አጎደጎዱት፤ ዙሪያውን ጠንካራ አደረጉት። «የለሰለሰ ሁሉ አይመችም፣ ልጄ። ለስላሳው እስከ ጉደር ይሸኝሃል፤ ከዚያ ወዲያ አጥንትህ ብረቱን ያገኘዋል» አሉኝ። ስወጣ ደግሞ ጮክ ብለው፣ «በየመሀሉ የእግር መርገጫው ላይ ቆም በል! ከተቀመጠበት ያልተነሳ ሥጋ ይሞታል!» አሉ። በሳምንቱ ከባኮ ስመለስ የመልቀቂያውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት።

አንዲት የግብርና ባለሙያ ከጊንጪ መጥታ ወንዶች ፊት አመድ ላይ መቀመጥ አሳፈራት። ኦቦ ገለታ ሁላችንንም አስወጡን፤ ራሳቸውም ዝናብ ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ። እኛ ስንስቅ፣ «ምን ያስቃችኋል? አጥንት ወንድ ሴት አይልም» ብለው ተቆጡን።

ባለፈው ክረምት የደም ግፊት ጣላቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። እኛ የምንወዳቸው ደንበኞቻቸው ምን አደረግን? ተሰባስበን በከተማው ካለው ሁሉ የለሰለሰውን ፍራሽ ገዛንላቸው! አቤት ስንደሰት! በየቀኑ እየሄድን እንጸልያለን፤ «አይንቀሳቀሱ፣ ይረፉ» እንላቸዋለን።

እሳቸው ግን ጥቂት ቃል ብቻ ነው የሚወጣቸው። «አመድ… አመዱ…» ይላሉ። ባለቤታቸው አዴ ብርቄ እያለቀሱ «ምን ማለቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ፣ «ሱቁ ናፍቋቸው ነው፤ ሐሳባቸው እየሸሸ ነው» አልኩ። አዴ ብርቄ ደጋግመው ጠየቁ፤ ደጋግሜ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግሁ።

አንድ ቀን አዴ ብርቄ አንሶላ ሲቀይሩ አገዝኳቸው። ስናገላብጣቸው ወገባቸው ሥር የመኝታ ቁስል ወጥቶ አጥንት ድረስ ዘልቋል። ያን ጊዜ ገባኝ። አመዱ ላይ አስተኝተን፣ አጥንታቸው የሚጫንበትን ለክተን፣ ፍራሹን እንድንቆርጠው ነበር የሚለምኑን።

ሮጬ ሳጥኑን አመጣሁ፤ ፍራሹን ቆረጥን፤ በየሁለት ሰዓቱ አገላበጥናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቁስሉ ደማቸውን መርዞት ነበር። ሳጥኑን ሲያዩ ግን በደህና እጃቸው አመዱን ዳሰስ አድርገው «ጋሪዳ» አሉኝ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ኦቦ ገለታ፣ ሳጥንዎ አሁን እኔ ጋ ነው። አልጋ የያዘ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ይዤው እገባለሁ፤ ማንም «አመድ ምን ያደርጋል?» ቢለኝ የእርስዎን ነገር እነግረዋለሁ። እርስዎ የእኔን አጥንት በአንድ ጊዜ አወቁት፤ እኔ የእርስዎን ወራት ሙሉ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አላወቅኩትም። ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ሁላችንም እርስዎ በሰፉልን መቀመጫ ነው አስከሬንዎን ያጀብነው። እኔ ግን ከአምቦ እስከ ጉደር መርገጫው ላይ ቆሜ ነዳሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።