ለይምርሐነ ክርስቶስ የተሳልኩት ጥላ

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከኮን ተነሣን፤ እኔና ልጄ፣ በመካከላችን አንድ የቤተ ክርስቲያን ጥላ። ጉዞው ስለቴን ለማስገባት ነው። ልጄ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ «ስሟ ከተጠራ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ለይምርሐነ ክርስቶስ ተስዬ ነበር። ስሟ ተጠራ። በየሰዉ ስልክ በሚታየው ቪዲዮዋ «ሉላ» ትባላለች። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። አሁን ቤት ከመጣች ወር ሆናት፤ ከስታለች። ለአዲስ ቀረጻ ትመጣ እንደሆነ ሰኞ አሠሪዎቿ ይደውሉላታል። ትሂድ ትቅር አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ጋሸና ላይ መኪና ቀየርን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ቅቤ ለገበያ የያዘች አንዲት ተሳፋሪ ልጄን ትኩር ብላ አየቻት።

«እንዴ! ሉላ አይደለሽም? በስልክ ሳይሽ ወፈር ያልሽ ነበርሽ!»

«ቀሚሱ ነው እትዬ።»

«ያ ነጩ መኪናሽስ?»

«የሰው ነው። ቀሚሱም የሰው ነው። ቀረጻው ሲያልቅ እመልሳለሁ።»

«ታዲያ የራስሽ ምኑ ነው?» ብላ ሳቀች ሴትዮዋ።

ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች። የገብሱ ማሳ አልቆ፣ ቁልቁለቱን ወርደን፣ አየሩ ሞቅ አለ። ላሊበላ ሽሮ በላን፤ እሷ ሁለት ጉርሻ ብቻ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድን። መኪናው ካወረደን በኋላ በጥዶቹ መካከል ዳገቱን በእግር ወጣን። ልጄ ጥላውን ከእጄ ተቀብላ ተሸከመች። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ስለቱን ለሕዝቡ ሊያሰሙ፣ «የማን ብዬ ልጥራ?» አሉኝ።

«የሉላ» አልኩ። አፌ ለምዶት።

«እናቴ፣ በዚህ ስም እዚህ አንጠራም። የክርስትና ስሟን።»

አፈርኩ። እኔ ሳልመልስ ልጄ ጎንበስ ብላ፣ «ወለተ ሰንበት፣ አባ» አለች።

የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወለተ ሰንበት» ሲሉ ዋሻው በእልልታ ተሞላ። ስልክ ያወጣ የለም፤ ማን እንደሆነች ያወቀም የለም። ልጄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ስንወጣ ሴቶች በሶ በጥብጠው ሰጧት፤ ሁለት ጣሳ ጠጣች።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ኮን ገባን። ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ስልኳ ጮኸ።

«አልመጣም» አለች። ወዲያ ማዶ ያለው ብዙ ተናገረ። «ለሌላ ስጡት። እኔ ዘንድ የቀረውን ቀሚሳችሁን በመኪና እልካለሁ።»

ዘጋችና፣ «እማ፣ የሚበላ ምን አለ?» አለችኝ።

ተመስገን። ስሟ እንዲጠራ የለመንኩ እኔ ነኝ፤ የትኛው ስሟ እንደሆነ ግን ለይቼ አልተናገርኩም ነበር። ተነሥቼ ሽሮውን ጣድኩ።