ታፔላው ወርዶ ሽማግሌ መጣ

ቡታጅራ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የምሠራበት ብየዳ ቤት አለኝ። በባለቤቴ ስም «ራሔል ብረታ ብረት» ይባል ነበር። ሥራው ሲሰፋ ዘመናዊ ስም ይሻላል ብዬ፣ ከእሷም ጋር ተማክሬ፣ «ከፍታ» አልኩት። ለደንበኞቼም በስልክ መልእክት አሳወቅሁ።

በማግስቱ የእንሴኖው ደንበኛዬ ሐጂ ኑሪ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ ከች አሉ። የሚለካ በር ያለ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «የሚስትህን ስም ከታፔላ እስከማውረድ ምን አደረሳችሁ?»

«ኧረ ሐጂ፣ እኛ ሰላም ነን!»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው።»

ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! አንደኛው ሽማግሌ ጭራሽ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ይቺ ከፍታ የምትባለው የማን ልጅ ናት?» አይሉኝም!

ሲጨንቀኝ ራሔልን ከጓዳ ጠራኋት። ስቃ ትገላግለኛለች ብዬ ነው። እሷ ግን ሐጂን በጥሞና ሰማቻቸው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወንበር ስባም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እናንተን ያመጣ አምላክ ይመስገን» አለች። «ከየቱ ልጀምር?»